በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ «የሪፍ ጨው» እንዳትገዙ

የባሕር ውሃ አኳሪየም ያላችሁ፣ በተለይ ኮራል (ድንጋይ ወይም ተክል የሚመስል የባሕር እንስሳ) የያዛችሁ፣ ይህችን ሳታነቡ ጨው እንዳትገዙ። ሰሞኑን በቴሌግራም «ኦሪጅናል የሪፍ ጨው፣ ከትልቅ ባልዲ ተመዝኖ የሚሸጥ» እየተባለ በላስቲክ የሚላክ ነገር አለ። የሪፍ ጨው ማለት የባሕር ውሃ እንዲሆንልን ንጹሕ ውሃ ላይ የምንበጠብጠው፣ ኮራል የሚፈልጋቸውን ማዕድናት የያዘ ጨው ነው። እኔ ገዝቼዋለሁ። ቶርች ከሚባለው ኮራሌ ግማሹን በላብኝ፣ አንድ ቀንድ አውጣም አብሮ ሄደ። የራሴም ጥፋት አለበት፤ እሱንም አልደብቅም።

ጅማ ላይ ኮራል የሚያሳድግ ሰው በጣት ይቆጠራል። እኔ የማውቃቸው 3 ናቸው፤ ከእኔ ጋር 4። ባሕሩ ሩቅ ነው፣ ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጭኖ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «አለኝ» ሲል ማን ነህ፣ ከየት አመጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንደውም እንዳያልቅበት እንለምነዋለን። አታላይ የሚወደው ገበያ ማለት ይሄ ነው።

ሳሎን ያለችው ገንዳዬ 80 ሊትር ነች። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ትንሽ ዞአንተስ (አበባ የሚመስሉ፣ ኮራል መሰል እንስሳት)፣ እንጉዳይ የሚመስሉ ለስላሳ ኮራሎች፣ ከዚያ ደግሞ ባለ ሁለት ራስ ቶርች። ቶርቹን አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ከራሱ ገንዳ ቆርጦ ነው የሰጠኝ። ረጃጅም ጣቶቹ ጫፋቸው ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ፍሬ አላቸው፤ ማታ መብራቱ ሰማያዊ ሲሆን ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡናውን ትቶ እሱን ያያል። ትልቅ ገንዳ ጥፋትን ይቅር ይላል፣ ትንሽ ገንዳ ግን ቂመኛ ነው። ዛሬ ያጠፋችሁትን በሳምንቱ ያስታውሳችኋል።

በየሳምንቱ 8 ሊትር ውሃ አውጥቼ 8 ሊትር አዲስ እጨምራለሁ። ድሮ የምጠቀመው ጨው አለቀ፣ ዋጋውም ጣሪያ ነካ። ያኔ ነው ሰውዬውን ያገኘሁት። 20 ኪሎ በ7,000 ብር። ከሌላው ቦታ ግማሽ እንኳ አይሆንም። «ወንድሜ፣ ባልዲውን ጭምር ስለማልሸጥልህ ነው የቀነሰው» አለኝ። ላይ ደግሞ ምራቂ ጨመረልኝ፤ «ካልሲየም እና ሁሉም ነገር ያለው የኮራል ምግብ» የተባለ ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ። በቀን 5 ሚሊ ሊትር ጠብ አድርግ፣ መመርመሪያ ምናምን አያስፈልግህም አለ። ይህቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስሰማ መሸሽ ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ጠብታ እየቆጠሩ ውሃ መመርመር የሚሰለቸኝ ሰው ነኝ።

ጨውን በንጹሕ ውሃ በጥብጬ በሪፍራክቶሜትር፣ በጨው መለኪያው መሣሪያ፣ አየሁት። 35፣ ማለትም ከሺህ 35 እጅ ጨው። ልክ የባሕር ውሃ። በቃ፣ ምን ቀረኝ?

ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህች ላይ ነው። ሪፍራክቶሜትር ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ ብቻ ነው የሚያየው። ምን እንደሟሟ አያውቅም። የወጥ ጨውም ብትበጠብጡለት ሳያፍር 35 ይላችኋል። የባሕር ውሃ ደግሞ አብዛኛው ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም በሊትር 410 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም፣ ወደ 1,290 ማግኒዥየም፣ 400 የሚጠጋ ፖታሺየም አለው። አልካሊኒቲው፣ በአጭሩ የካርቦኔቱ መጠን፣ 7 ዲኬኤች (መለኪያው ነው) አካባቢ ነው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከዚህ ካልሲየምና ካርቦኔት ነው። ሁለቱ ከጎደሉ ግንበኛው ያለ ሲሚንቶና ያለ አሸዋ ቆመ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም አልታየም። ቢታይ ነበር የሚገርመው። በሳምንት አንድ አሥረኛውን ብቻ ስለምቀይር አሮጌው ጥሩ ውሃ መጥፎውን ይሸፍንለታል። ካልሲየሙ 420 ከነበረ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተሸራረፈ በ4 ሳምንት ውስጥ ከ300 በታች ይወርዳል። ማንም ልብ ሳይል። ዓሦቹ እንደሆኑ ደንታቸውም አይደል፤ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ። እነሱን እያየሁ «ውሃው ሰላም ነው» እል ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ቶርቹ ጣቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ማንን ጠረጠርኩ? የእማዬን ቡና። እውነቴን ነው። ከሰል በዝግ ቤት ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ እሱም ውሃው ውስጥ እየገባ ፒኤች ያወርዳል፣ ማለትም ውሃውን ወደ አሲድ ይገፋዋል። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ከዚህ በፊት ለክቼው ከ8.2 ወደ 7.9 ወርዶ አይቻለሁ። ግን መስኮት ስትከፍቱ የሚመለስ ነገር ነው። እኔ ግን ረከቦቱን፣ ምድጃውን፣ ዕጣኑን ሁሉ በረንዳ ላይ አስወጣሁ። በክረምት፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ። «ለድንጋይ ብለህ እኔን ታስበርደኝ?» አለችኝ። ድንጋይ አይደለም እማዬ፣ እንስሳ ነው ብል ማን ይሰማኛል።

ለሰውዬው ደወልኩ። «ካልሲየም ጎድሎት ነው፣ ጠርሙሱን እጥፍ አድርገው» አለኝ። አደረግኩት። አልሻለው ሲል ውሃው ቆሽሾ ይሆናል ብዬ በአንድ ቀን 24 ሊትር ቀየርኩ። በዚያው ጨው! በሽተኛውን ያሳመመውን ምግብ ጨምሬ አጎረስኩት ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ከአንደኛው ራስ ላይ ሥጋው እንደ ረጠበ ወረቀት እየተላጠ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ከሥሩ ነጭ አጽም። ማሞቂያው ላይ ደግሞ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይዟል።

ነገሩን የገለጠችው እማዬ ነች። አዲሱን ጨው ስበጠብጥ መጥታ ሳትጠይቀኝ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች። «ይሄማ የወጥ ጨው ነው!» አለች። የድሮው ባልዲ ሥር የቀረች ብናኝ ነበረች፤ እሷንም ቀመሰቻት። ፊቷን አጨማደደች። «ያኛው ይመራል፣ ይሄ አይመርም።» ማግኒዥየም መራራ ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ? የእኔው መጣፈጡንስ ጣፍጧል፤ ከመጣፈጥ ሌላ ግን ምንም የለውም። (እናንተ አትቅመሱ። እማዬን የሚከለክላት ስለሌለ ነው።)

ያን ቀን የካልሲየምና የአልካሊኒቲ መመርመሪያ ካለው ጓደኛዬ ቤት፣ አጂፕ ሰፈር፣ በላዳ ሄጄ ተዋስኩ። 5 ሚሊ ሊትር ከአዲሱ ብጥብጥ ቀዳሁ። የካልሲየሙ መመርመሪያ ውሃውን መጀመሪያ ሮዝ ያደርገዋል፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ ጠብታ ትቆጥራላችሁ፤ አንዱ ጠብታ በሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። ደህና የሪፍ ጨው 20፣ 21 ጠብታ ያስቆጥራል። አንድ… ሁለት… ሰማያዊ። 40። መሳሳቴ ነው ብዬ ደገምኩት። ያው። አልካሊኒቲው በመጀመሪያዋ ጠብታ ቢጫ ሆነ፤ 1 እንኳ አልሞላም። የገንዳውን ውሃ ለካሁ። ካልሲየም 180፣ አልካሊኒቲ 12። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላው ጣሪያ ላይ።

12 ከየት መጣ? ከምራቂው ጠርሙስ። ጥቂት ብርጭቆ ላይ አድርጌ ኮምጣጤ ጠብ ሳደርግበት ቡፍ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ካልሲየም ለካሁበት፣ ከመጀመሪያው ጠብታ ሰማያዊ። ያ «ሁሉም ነገር ያለው» ጠርሙስ ውሃ ውስጥ የሟሟ የመጋገሪያ ሶዳ ነበር። ሶዳ በራሱ መርዝ አይደለም፤ አልካሊኒቲ ሲጎድል አውቀን የምንጨምረው ነገር ነው። ካልሲየም ጎድሎ ሶዳ መደረብ ግን ውሃውን ይባስ ያዛባዋል። በተለይ ማግኒዥየም ሲያንስ። ካልሲየምና ካርቦኔት ውሃው ውስጥ ተያይዘው ድንጋይ እንዳይሆኑ የሚያዘገያቸው ማግኒዥየም ነው። እሱ ሲሳሳ የቀረችው ካልሲየም ኮራሉ ላይ ሳይሆን ማሞቂያው ላይ ትጋገራለች። ያ ነጭ ቅርፊት እሱ ነው።

ለነገሩ ካልሲየም ለመጨመር የምንጠቀምበት ካልሲየም ክሎራይድና ሶዳ በአንድ ጠርሙስ ወፍረው ጥርት ብለው አይቀመጡም፤ ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። የካልሲየሙና የአልካሊኒቲው መጨመሪያ በሁለት ጠርሙስ ተለያይቶ የሚሸጠው ለዚህ ነው። በሌላ ውህድ የተሠሩ ባለ አንድ ጠርሙስ ምርቶች አሉ፤ እነሱ ግን ምን እንደያዙ ላያቸው ላይ ተጽፏል። የእኔው ላይ የነበረው የዓሣ ስዕል ብቻ ነው።

የወጥ ጨው ለምን አይሆንም ለሚል፦ ጨው ሲመረት፣ እንደኛው የአፍዴራ፣ ውሃው በፀሐይ ይተናል። ውሃው እየወፈረ ሲሄድ ካልሲየሙ ቀድሞ በካርቦኔትና በጂፕሰም መልክ ይዘቅጣል። ቀጥሎ የምንበላው ጨው ይወጣል። ማግኒዥየሙ መጨረሻ ላይ የሚቀረው መራራ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይደፋል። ለወጥ የሚጣፍጠው ኮራል የሚፈልገው ስለወጣለት ነው። ስለዚህ «ይሄም ከባሕር ነው የወጣው» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን ምንም አይፈይድላችሁም።

ለሰውዬው የምርመራውን ፎቶ ላክሁለት። «መመርመሪያህ ኤክስፓየርድ ነው» አለ። ቀኑን ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ ገና ዓመት ይቀረዋል። «ሪፍራክቶሜትር 35 ካለህ ምን ፈለግህ?» አለ። ገንዘቤን አልኩት። ብሎክ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፣ አልሰጠኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ስለ ዕቃውም ትክክለኛ መረጃ እንዲገልጽ ያስገድዳል። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆኖብኝ በእጄ ያለው የባንክ ማስተላለፊያና ስሙን የቀየረ የቴሌግራም አካውንት ነው።

አሁን ምን እያደረግሁ ነው? ጠርሙሱን አቆምኩ። ከጓደኞቼ ጋር ተዋጥተን እሽጉ ያልተከፈተ ባልዲ አስመጣን። በየሁለት ቀኑ 8 ሊትር፣ ከዚያ በላይ የለም፤ የተጎዳን ኮራል በአንድ ጊዜ ላስተካክለው ማለት ሁለተኛ መግደል ነው። አልካሊኒቲ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ እንዲንቀሳቀስ አልፈቅድም። የተነነውን የምተካው በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንማ። የክረምቱን ውሃ ከቆርቆሮ ላይ ቀድቼ ልጠቀም ብሎ የጠየቀኝ አለ፤ ተው። ቆርቆሮው ዚንክ ተቀብቷል፣ ኮራልና ሽሪምፕ ዚንክ አይችሉም።

ከእንግዲህ የማንንም ጨው፣ የወንድሜም ቢሆን፣ ገንዳዬ ውስጥ ከመጨመሬ በፊት 1 ሊትር በጥብጬ አሳድሬ እለካዋለሁ። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1,250 በላይ፣ አልካሊኒቲ ከ7 እስከ 11 ካልሆነ ይመለሳል። ባልዲው እሽጉ ካልተነካ፣ የምርት ቁጥሩ ካልታየ ብር አይወጣም። ተዋጥታችሁ ከገዛችሁም ሁላችሁ ባላችሁበት ክፈቱት፤ ከመካፈላችሁ በፊት ባልዲውን ደህና አድርጋችሁ አንከባሉት፣ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ደቃቁ ሥር ይወርዳልና።

ከቶርቹ አንደኛው ራስ ሞቷል። ሁለተኛው ትናንት ማታ ጣቶቹን ግማሽ ያህል አወጣ። እማዬ ቡናዋን ወደ ሳሎን መልሳለች።

ዕቃውን እንድትለዩት፦ ወፍራም ግልጽ ላስቲክ፣ ባለ 5 ኪሎ አራት ቋጠሮ፣ አፉ በሰማያዊ የናይለን ገመድ የታሰረ። ጽሑፍ የለውም። ፍሬው አንድ ዓይነት፣ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነው። ጠርሙሱ የውሃ ኮዳ ነው፣ ክዳኑ አረንጓዴ፣ በኮምፒውተር የታተመ የዓሣ ስዕል የተለጠፈበት። 18 ኪሎው አሁንም እኔ ጋ ነው፤ ዓይታችሁ ማወዳደር የምትፈልጉ ጅማ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ አሳያችኋለሁ።