ክሮኒ ከስምንት ወር በኋላ፦ ሰዓቴን አስተካክሎ ሌላ ጉድ ደበቀብኝ

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ብሮውዘሩ ነው። አንድም ገጽ አልከፍትም አለ፤ የድረ ገጹ የደህንነት ሰርተፊኬት ጊዜ ገና አልደረሰም ይለኛል። ኢንተርኔቱ ደህና ነው፣ ፒንግም ይመልሳል። ራውተሩን ሁለቴ አጥፍቼ ካበራሁ በኋላ ነው ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ልብ ያልኩት። ኮምፒውተሬ ወራት ወደ ኋላ ቀርቷል።

ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ነው የምጠቀመው፤ ሰዓቱን የሚጠብቀው ታይምሲንክዲ የተባለ ፕሮግራም ነበር። ለብዙ ሰው ይበቃል። ሲያቅተው ግን ለምን እንዳቃተው ብዙም አያወራም። የኮምፒውተርን ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ካሉ የሰዓት ሰርቨሮች ጋር የሚያስተካክለውን ክሮኒን ጫንኩ፤ እሱ ሲገባ ታይምሲንክዲ ራሱ ለቆ ወጣ።

ክሮኒን የወደድኩት «ክሮኒሲ ሶርስስ» በምትባለው ትእዛዝ ነው። ሰዓት የሚጠየቁትን ሰርቨሮች ትዘረዝራለች። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አጠገብ የጥያቄ ምልክት ነበር፤ «ሪች» የሚለው ዓምድም 0። ማለትም አንዳቸውም አልመለሱም። ሰዓት በኔትወርክ የሚጠየቅበት ፕሮቶኮል፣ ኤንቲፒ፣ የሚያወራው በዩዲፒ ፖርት 123 ነው። የኔትወርክ ግንኙነትን የሚያጣራውን ፋየርዎል ስከፍት ፖርቱን የዘጋ አንድ መስመር አገኘሁ። ማን ጻፈው? እኔው ራሴ፣ ድሮ፣ ረስቼው። መስመሩን ሳጠፋ ሪቹ 1፣ 3፣ 7፣ 17 እያለ ወጣ። ቁጥሩ ኦክታል (በስምንት መሠረት የሚቆጠር) ስለሆነ ግር ይላል፤ 377 ላይ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ስምንት ጥያቄዎች በሙሉ ተመልሰዋል ማለት ነው። ከዚያ አንዱ ሰርቨር አጠገብ ኮከብ በራች። ክሮኒ ከእሱ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዓት ማሰብ ትቻለሁ። የማሽኔ ሰዓት በቀን አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይዘገያል። ክሮኒ ይህን ለክቶ ፋይል ላይ ስለሚጽፈው ኔትወርክ ባይኖርም እያካካሰ ይቆያል።

የማይመቸኝም አለ። ዴቢያን ላይ በተለመደው ቅንብር፣ ከአንድ ሰከንድ በላይ የሆነ ስህተትን በአንዴ ዘሎ የሚያርመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት እርማቶች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይስባል። ለሙከራ ብዬ ሰዓቱን በእጄ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። በሙሉ ፍጥነቱ እንኳ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል! በአንዴ እንዲዘል በሚያዘው «ክሮኒሲ ሜክስቴፕ» ገላገልኩት።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሥራውን አብዝቶ መቻሉ ነው። በስድስተኛው ወር አንድ የባክአፕ ፋይል ከወራት በፊት ባለ ቀን ተሰይሞ አገኘሁ። ሎጉን (የሥራ መዝገቡን) ሳገላብጥ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ ባደርኩ ቁጥር ክሮኒ ሰዓቱን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰከንዶች ወደ ፊት ሲገፋ ከርሟል። ባክአፑ ደግሞ ማሽኑ እንደተነሳ፣ እርማቱን ሳይጠብቅ ይጀምራል። ሶኬቱ ላይ እያለ ባጠፋው ምንም አይሆንም፤ ማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል ያገኛል። ሲነቀል ግን ሰዓቱን የሚይዘው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ብቻ ናት። አውጥቼ ለካኋት። 3 ቮልት መሆን ሲገባት 2 እንኳ አልሞላችም።

ባትሪዋን ቀየርኩ፤ ባክአፑንም ሰዓቱ ሳይታረም እንዳይነሳ አደረግኩት። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን ተነቅሎ ከረመ። ስከፍተው ሎጉ ላይ ያ የግፊያ መስመር አልነበረም።