ዋጋ ሳያሳዩ ገንዘብ የሚቀበሉ የቤት ዕቃ «ክለቦችን» ተጠንቀቁ

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ያላችሁ፣ በተለይ ጥር ላይ ልጅ የምትድሩ፣ ወይም የማህበር ቤታችሁን ጨርሳችሁ ከባዶ ሳሎን ጋር የተፋጠጣችሁ፣ ይህን አንብቡት። «አባል ሁኑና የቤት ዕቃ በፋብሪካ ዋጋ ውሰዱ» የሚል ግብዣ በስልክም በቴሌግራምም እየመጣ ነው። ዋጋቸውን በዓይናችሁ ሳታዩ አንድ ብር አትክፈሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው። አንድ ጨዋ ድምፅ ይደውልና «ዕድለኛ ሆነው ተመርጠዋል» ይላችኋል። በማን እንደተመረጣችሁ አይነገራችሁም። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ «የምክክር ፕሮግራም» አለ፤ ለስላሳና ብስኩትም አለ። አንድ ነገር ግን ደጋግመው ያሳስባሉ፤ ባልና ሚስት አብራችሁ መምጣት አለባችሁ። ለፍቅራችሁ አስበው እንዳይመስላችሁ። ብቻውን የመጣ ሰው «ከባለቤቴ ልማከርና ልመለስ» ብሎ ይወጣል። ሁለታችሁም ከተቀመጣችሁ ያ በር ተዘጋ ማለት ነው።

አክስቴ ልጇን ልትድር ስለነበር ተጠርታ፣ እኔም ሸኚ ሆኜ አብሬያት ገባሁ። ከፊት አንድ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ አንድ አልጋና አንድ ቡፌ ተደርድረዋል። የቀረው ሁሉ በትልቅ ስክሪን ላይ ነው። ሱፉን ግጥም ያደረገ ወጣት ለረጅም ሰዓት አወራ። የቤት ዕቃ ነጋዴው እንዴት እንደሚያተርፍብን፣ ደላላው እንዴት እንደሚበላን፣ እነሱ ግን በቀጥታ ከአስመጪና ከፋብሪካ እንደሚያገናኙን። ልክ ያለው ነገርም አልጠፋውም፤ የደላላው ነገር እውነት ነው። አክስቴ እስኪጨርስ ጠበቀችና ተነሳች።

«ልጄ፣ ይኼ ሶፋ ስንት ነው?»

«እናቴ፣ ዋጋ የሚገለጸው ለአባላት ብቻ ነው።»

«አባል ለመሆንስ ስንት ነው?»

«24 ሺህ ብር። ግን ዛሬ ለሚመዘገብ ብቻ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ይጨምራል።»

«እንግዲያ ዋጋውን ሳላውቅ 24 ሺህ ልስጥህ ነው የምትለኝ? እኔ እኮ ዶሮ እንኳ ደረቷን ዳብሼ ነው የምገዛ።»

አዳራሹ ሳቀ። ልጁም ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠም። ወዲያው ከኋላ አንድ ሰው ፈረመ ተባለና ጭብጨባ ተጀመረ። እያንዳንዱ ሰው በፈረመ ቁጥር ይጨበጨባል። አጠገባችን የነበሩት ጥንዶች ሁለቱም መምህራን ናቸው፤ የዕቁብ ዕጣ ደርሷቸው ነበር። እነሱም ፈረሙ። እኔና አክስቴ ለስላሳችንን ጠጥተን ወጣን።

አሁን የመምህራኑን ላውራ፤ ፈቅደውልኛል። ከከፈሉ በኋላ የተሰጣቸው አንድ የፕላስቲክ ካርድና የቴሌግራም ቻናል ነው። ቻናሉ ላይ ዕቃዎቹ በኮድ ቁጥር ተቀምጠዋል። ያንኑ ሶፋ ፈልገው አገኙት። «የገበያ ዋጋ 95,000፣ የአባል ዋጋ 76,000» ይላል። ሃያ በመቶ ቅናሽ! ደስ ብሏቸው ፎቶውን ይዘው ባሕር ዳር አንድ ፈርኒቸር ቤት ገቡ። ባለሱቁ 82,000 ብሎ ጀመረ፤ ተከራክረው 75,000 ላይ ቆመ። ማድረሻ ጨምሮ። ያ 95,000 የሚባለው ዋጋ የየትኛው ገበያ እንደሆነ እስካሁን አላወቁም። ቅናሹ የተቆረጠው ማንም ከማይከፍለው ዋጋ ላይ ነው።

ያም ሆኖ ገንዘባችንን ከፍለናል ብለው አዘዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። የተከፈለው 24 ሺህ ከኪስ ወጥቷል፤ ሌላ ነገር በመግዛት አይመለስም። ግን ሰው «ክፍያዬን ላውጣ» እያለ ይገዛል። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በደጀን በኩል ዓባይ በረሃን ተሻግሮ መጣ። የማጓጓዣው፣ የመጫኛው፣ የማውረጃው ሁሉ በእነሱ ሒሳብ ነው፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። ሶፋው ሲወርድ አንዱ እግር ተሰንጥቋል። ክለቡ «የአጓጓዡ ጥፋት ነው» አለ። አጓጓዡ «ሲሰጡኝም እንዲህ ነበር» አለ። አስመጪ የተባለው ስልክ አያነሳም። ከሱቅ ገዝታችሁ ቢሆን ኖሮ ባለሱቁን በሩ ላይ ትቆሙበት ነበር። እዚህ ማን በር ላይ ትቆማላችሁ?

ሶፋውን ገልብጠን አየነው። ከሥር ያለውን ጥቁር ጨርቅ ስንገልጠው ማዕቀፉ ቀጭን የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው፤ ጀርባው ደግሞ በችፑድ ተሸፍኗል። የመቀመጫውን ስፖንጅ በቡጢ ስትጫኑት ታች ያለው እንጨት ይሰማችኋል። ላዩ ግን ያምራል፤ እሱን አልክድም።

ውሉን ደግሞ ተቀምጬ አነበብኩት። በደቃቃ ፊደል የተጻፉ አራት ነገሮች ዓይኔን ሳቡት። የአባልነት ክፍያ በማንኛውም ምክንያት አይመለስም። ዋጋ ያለ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል። አባሉ የዋጋ ዝርዝሩን ለሌላ ሰው ማሳየት አይችልም። በየዓመቱ 2,000 ብር የማደሻ ክፍያ አለ። ሦስተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። ዋጋው በእርግጥ ርካሽ ከሆነ ለምን ይደበቃል? ርካሽ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋውን በሜጋፎን ነው የሚያስነግር።

ሒሳቡን እናስላው። እነሱ እንደሚሉት ቅናሹ እውነተኛ ሃያ በመቶ ቢሆን እንኳ 24 ሺህ ብሩን ለማካካስ የ120,000 ብር ዕቃ መግዛት አለባችሁ። ከዚያ በላይ ስትገዙ ነው ትርፍ የሚጀምረው። ቅናሹ አምስት በመቶ ከሆነ ደግሞ 480,000 ብር ይሆናል። ማደሻውና ማጓጓዣው ገና አልተቆጠሩም። ማን ነው በየዓመቱ ቁም ሳጥን የሚገዛ? የቤት ዕቃ አንዴ ተገዝቶ ለልጅ የሚተርፍ ነገር ነው። አባልነት የሚያዋጣው ደጋግማችሁ ለምትገዙት ዘይትና ሳሙና ነው።

ይህ አሠራር እኛ አገር የተፈለሰፈ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዳይሬክትባይ የሚባል ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1971 ኢንዲያና ውስጥ በሌላ ስም ተጀምሮ ብዙ ቅርንጫፍ ያፈራ የቤት ዕቃ ክለብ ነው። አባልነቱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍል ነበር። ገዢው መጀመሪያ ወደ ማሳያ አዳራሻቸው ይጋበዛል፤ ዋጋው ከመክፈሉ በፊት ሙሉ በሙሉ አይገለጽለትም፤ እዚያው ቀን ወስን ይባላል። ሰው ብዙ አማረረ፣ ፍርድ ቤትም ደረሰ። በእነሱው አቆጣጠር በ2016 ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ወጣት ይህን ታሪክ ያውቀው እንደሆነ እንጃ፤ ስብከቱ ግን ያው ራሱ ነበር።

አባልነት ሁሉ ሌብነት ነው እያልኩ አይደለም። እዚያው አሜሪካ ኮስትኮ የሚባል ትልቅ መደብር አለ፤ መደበኛው አባልነት በዓመት 65 ዶላር ነው። ደስ ካላለህ የአባልነት ክፍያህን ይመልስልሃል። አይኬያ ደግሞ የቤት ዕቃ ሻጭ ሆኖ የቤተሰብ ካርዱን በነጻ ነው የሚሰጠው። ልዩነቱን ተመልከቱ። ዋጋቸው የተለጠፈ ነው፣ ክፍያው ትንሽ ነው ወይም የለም፣ ሐሳብህን መቀየር ትችላለህ። ደግሞ እዚያ አገር በሆቴል አዳራሽና በመሳሰሉት ጊዜያዊ ቦታዎች ለሚፈረሙ ብዙ ሽያጮች ገዢው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ እንዲችል ደንብ አለ። እዚህ ግን ከፈረማችሁ በኋላ «ሦስት ቀን አለኝ» ብላችሁ አትዘናጉ። ሳትፈርሙ በፊት ነው ሦስት ቀን መውሰድ።

የእኛም ሕግ ግን ባዶ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል። ሸማቹ ስለ ዕቃው ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ እንደማይገደድም ይላል። ስለዚህ «ለስላሳ ጠጥታችሁ፣ ሰዓታችንን በልታችሁ እንዴት ትወጣላችሁ» የሚል ፊት ቢያሳዩአችሁ አትሽኮርመሙ። ተነሱና ውጡ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ቅር ሲላችሁ «ሦስት ሰው ካመጣችሁ ክፍያችሁ ይመለስላችኋል» ማለት ይጀምራሉ። ለመምህራኑም ብለዋቸዋል። ይህ ከቤት ዕቃ ወጥቶ ወደ ሌላ ነገር ገባ ማለት ነው። በሰው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ጥቅም የሚሰጥ የፒራሚድ ሽያጭ በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። ደግሞስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው? ወንድምህ፣ የሥራ ባልደረባህ፣ የማህበር ጓደኛህ። ገንዘብህን ልታስመልስ ብለህ ከዝክር ልትቀር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ ጎጃም ውስጥ እንጨት አልጠፋም፤ እጅም አልጠፋም። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ማህበራት አሉ፤ በየሰፈሩ የቤት ዕቃ የሚሠሩ ወርክሾፖች አሉ። የዋንዛ ቁም ሳጥን አሠርቶ የተጸጸተ ሰው አላየሁም። ዋንዛ ለመሥራት ይመቻል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ስታሠሩ ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ እንጨቱ ደርቋል ወይ? በክረምት የተሰነጠቀ እርጥብ እንጨት ተቸኩሎ ከተሠራ በበጋ ይጣመማል፤ የቁም ሳጥኑ በር አልገጥም ይላል። ሁለተኛ፣ ሶፋ ከሆነ ጨርቅ ሳይለብስ ሄዳችሁ ማዕቀፉን እዩት፤ ስፖንጁንም ተጫኑት። ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ሁሉም ሶፋ ቆንጆ ነው።

ቀብድ ስጡ፤ ግን ሙሉውን አትክፈሉ። የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩን፣ የሚያስረክብበትን ቀን፣ የቀረውን ክፍያ በወረቀት አጽፉ፤ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። አንዳንድ አናጺ ይኼን ስትሉት ይቀየማል። ይቀየም።

ቅናሽ የምር ከፈለጋችሁ ደግሞ ሦስት አራት ቤተሰብ ሁናችሁ አንድ ወርክሾፕ ግቡ። አክስቴ በመጨረሻ ያደረገችው ይህን ነው። ከሁለት የሰፈር ሙሽራ እናቶች ጋር ሆና ሦስት አልጋና ሦስት ቁም ሳጥን በአንድ ጊዜ አዘዘች። ባለወርክሾፑ እንጨቱን አንድ ላይ ስለሚገዛ ዋጋ ቀነሰላቸው፤ ካርድ የለ፣ ማደሻ የለ። ያቺ ናት እውነተኛዋ የገዢዎች ክለብ። ለሌላው አስቤዛ ደግሞ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማህበር አለ፤ እሱም አባልነት ነው። ግን እዚያ የምትከፍሉት የባለቤትነት ድርሻ (ዕጣ) ነው፣ ባለቤት ትሆናላችሁ፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ አላችሁ፣ ትርፍ ሲኖር ትካፈላላችሁ። የክለቡ 24 ሺህ ግን ድምፅም ትርፍም የለው። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ግብዣው ከደረሳችሁና «እስኪ ልየው» ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የድርጅቱን ቲን ቁጥር ጠይቁ። በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የንግድ ፈቃዱ በምን ዘርፍ እንደሆነ ማየት ትችላላችሁ። ቲኑን ካልሰጡ አትሂዱ። ከሄዳችሁም የባንክ ካርዳችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱ፤ የሞባይል ባንኪንጉንም ቢሆን «ረሳሁት» በሉ። ፎርሙን «ወስደን አንብበን እንመልሳለን» በሉና ፊታቸውን እዩ።

የከፈላችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ማደሻውን አትክፈሉ፤ ሰውም አታምጡ። ገንዘባችሁ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁና ቅጂውን አስቀሩ። የቴሌግራም መልእክቶቹን ቻናሉ ሳይጠፋ በፊት ስክሪን ሾት አድርጉ። ዕቃ ተቀብላችሁ ጉድለት ካገኛችሁ ቶሎ በሉ፤ አዋጁ ቅያሪ ወይም ገንዘብ ለመጠየቅ የሚሰጠው ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ነው። ከዚያ ውሉን፣ ደረሰኙን፣ ካርዱን ይዛችሁ ወደ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ከተቻለ ለየብቻ ሳይሆን ሰብሰብ ብላችሁ። ስትሄዱ ውሉ ላይ ያለው የድርጅት ስምና ደረሰኙ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን አስተያዩ። መምህራኑ በያዙት ላይ ሁለቱ ስሞች የተለያዩ ነበሩ፤ ደረሰኙም የካሽ ሬጅስተር ሳይሆን በእጅ የተጻፈ፣ ቲን ቁጥር የሌለው ወረቀት ነው።