ባለቤቴንም ለመረመሩልን የሆርሞን ሐኪም ምስጋና

ይህን የምጽፈው ባለቤቴ አንብቦት «ለጥፊው፣ ሌላ ሰው ይጠቀም» ስላለኝ ነው።

ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሴቷ ናት። ጠበል የምገባው እኔ፣ አልትራሳውንድ የምነሳው እኔ ነበርኩ። እሱን «እስቲ አንተም ና» ያለው ሐኪም አልነበረም። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሲታዘዝለት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ስፐርሙም በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቦታ ደግሞ የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መርፌ ጀምር ተባለ።

እኚህን ዶክተር ያገኘናቸው ያኔ ነው። መርፌውን ተዉት አሉን። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን ሰውነት የራሱን ሥራ እንዲያቆም ያደርጋል፣ ስፐርሙን ጭራሽ ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ ረጋ ብለው ጠየቁት፦ ራስ ምታት፣ የዓይን እይታ፣ የወሲብ ፍላጎት፣ የሚወስደው መድኃኒት። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል ሳይቀር፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት እነ ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶልም ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ።

ፕሮላክቲን ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የእናት ጡት ወተት ነው። ወንዶችም ግን አላቸው። የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ዕጢ ነው። ሲበዛ አንጎል ለፒቱታሪ የሚልከው ትእዛዝ ይዳከማል፤ የዘር ፍሬን የሚያሠሩት ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉት ሆርሞኖች ይወርዳሉ። ቴስቶስትሮን ይቀንሳል፣ ስፐርምም በደንብ አይመረትም። ፍላጎቱ መቀዝቀዙን ሁለታችንም የሥራ ድካም ነው ብለን ነበር!

የባለቤቴ የፕሮላክቲን ውጤት ከፍ ብሎ ሲመጣ ዶክተሩ ወዲያው አልደመደሙም። ጭንቀት ራሱ ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ጠዋት አረፍ ብሎ ደሙ እንደገና ተቀዳ። ታይሮይዱም ኩላሊቱም ታየ። በኋላ ኤምአርአይ ፒቱታሪው ላይ ትንሽ ቱመር አሳየ። ቱመር ሲባል ጉልበቴ ከዳኝ። እሳቸው ግን ፎቶውን እያሳዩ ካንሰር እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በክኒን እንደሚድን አስረዱን። ካቤርጎሊን የሚባለውን ክኒን በሳምንት 2 ጊዜ ጀመረ። ስፐርም ተመርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ ከ3 ወር በፊት ለውጥ አትጠብቁ አሉን። ይህን ባይነግሩን ኖሮ ተስፋ ቆርጠን እናቆመው ነበር።

ፕሮላክቲኑ ወረደ፣ ስፐርሙ ጨመረ፣ እኔም እርጉዝ ነኝ። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስማቸው በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለጉም፤ ሰው ብልክ ግን ደስ ይላቸዋል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እልካለሁ። ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። የድሮ ውጤቶቻችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ፣ አንድ በአንድ ያዩታል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ የሚቀየር ከሆነ ያዘዘላችሁ ሐኪም ይቀይረው።