ዳታውን ከዳታቤዙ ሳላወጣ መተንበይ፦ ፖስትግሬስና ማድሊብ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ

ሰላም ነው? «ዳታቤዝ ውስጥ ስታትስቲክስ ይሰራል ወይ፣ ለሱ ፓይተን ወይ አር (የፕሮግራም ቋንቋዎቹ) አያስፈልግም ወይ» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ስለማይ፣ ፖስትግሬስን (ነጻ የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው) እና ማድሊብን (እሱ ላይ የሚጫን የስታትስቲክስ ተጨማሪ) ዓመት ከምናምን ተጠቅሜ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው። የምሰራው ኮምቦልቻ አንድ የጅምላ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ዱቄት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ደግሞ አንድ ሱቅ አለን። ጠዋት ከደሴ ሐረጎን በሚኒባስ ወርጄ እገባለሁ ማታ ያንኑ ጠመዝማዛ እወጣለሁ፣ አብዛኛው የሞዴል ሀሳብ የመጣልኝም እዛ መንገድ ላይ ጋቢና ተቀምጬ ነው።

ሁሉም የጀመረው በኤክሴል ነው። ሐጂ (ባለቤቱ ናቸው) ወር ሲገባ «አንተ ልጅ፣ ስንት ጀሪካን ልዘዝ?» ይላሉ፣ እኔ ሽያጩን ከፖስትግሬስ አውጥቼ ኤክሴል ላይ ከፍቼ መስመር አሰምሬ እነግራቸዋለሁ። ታዲያ ኤክሴል አንድ ሺት ላይ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ነው፣ የኛ ሽያጭ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በየደረሰኙ መስመር ሲቆጠር ይሄን ካለፈ ቆይቷል። ፋይሉን ስከፍት ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ እኔ ሳላነብ እሺ ብዬ አልፈዋለሁ፣ ለካ ከታች ያለው እየተቆረጠ የቅርቡ ሽያጭ ሳይገባ ስተነብይ ከርሜያለሁ። ሐጂ «ይሄ ቁጥርህ የዛሬ ዓመት ነው የሚመስለው» ሲሉኝ ነው የነቃሁት፣ ልክ ነበሩ።

በቃ ዳታውን ማውጣት ትቼ ስሌቱን ወደ ዳታቤዙ ወሰድኩት።

መጀመሪያ የገረመኝ ፖስትግሬስ ምንም ሳትጭንበት ስንት ነገር እንዳለው ነው። ኮር ለዝምድና፣ ሬግር ስሎፕና ሬግር ኢንተርሴፕት ለቀጥታ መስመር፣ ሬግር አር ቱ መስመሩ ምን ያህል እንደገጠመ ለማየት፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ለመበታተን፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ሰም (ድምር) እና አቨሬጅ (አማካይ) ሴሌክት በሚባለው ትዕዛዝ ውስጥ ትጽፋቸዋለህ አለቀ። የሬግር ቤተሰብ ከቨርዥን 8.2 ጀምሮ አለ፣ በፈረንጅ 2006 ማለት ነው፣ ስንቱ ዓመት ሙሉ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ሳናየው! በግሩፕ ባይ (በየዕቃው መድቦ) ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን መስመር በአንድ ኩየሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ያወጣልሃል፣ ያን ሁሉ ረድፍ አንብቦ በጥቂት ሰከንድ ይመልሳል፣ ኤክሴሉ እኮ ለመከፈት ብቻ ቡና አስፈልቶ ያስጠጣ ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ፐርሰንታይል ኮንት ነው (ከ9.4 ወዲህ ያለ)። ጥር ላይ አንድ ሰርገኛ መጥቶ የአንድ ሳምንቱን ፓስታ በአንድ ጠዋት ይጭናል፣ አቨሬጁ ዘሎ ይሄዳል፣ መሀል ላይ ያለውን ቁጥር ብትወስድ ግን ሰርገኛው ምንም አያናውጠውም። የ0.5ቱን (መሀለኛውን) ለተለመደው ቀን፣ የ0.9ኙን (ከአስር ቀን ዘጠኙ የማያልፉትን) ደግሞ ለመጠባበቂያ ክምችት እጠቀማለሁ፣ ይሄ ብቻውን ምንም ሞዴል ሳይኖር ግማሹን ችግር ፈትቶልኛል ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደሚያናድደው። ሬግር ስሎፕ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ዋይ (የሚተነበየው) ነው፣ ኤክስ (የምትተነብይበት) ሁለተኛ ነው። እኔ ገልብጬ ዋጋን በመጠን ስተነብይ ሁለት ቀን ሰራሁ። ክፋቱ ደግሞ ኮርም ሬግር አር ቱም ብትገለብጣቸው መልሳቸው አንድ ነው፣ ስለዚህ ጥራቱን ሳይ «ኧረ አሪፍ ነው» እያልኩ መስመሩ ግን ሌላ ነገር ያወራል። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ዋናው ጣጣ ግን ቀን ነው። የድሮው የሽያጭ ፕሮግራም፣ ማን እንደሰራልን አልናገርም፣ ቀኑን በሀበሻ አቆጣጠር በጽሑፍ መልክ ነበር የሚያስቀምጠው፣ ቀን በወር በዓመት። ፖስትግሬስ የኛን ካላንደር አያውቅም። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ወደ ዴት (ፖስትግሬስ ቀን ብሎ ወደሚያውቀው ዓይነት) ልቀይረው ስል ጥቅምት 30 ላይ ቆመብኝ፣ 30/02 ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30 ነው ብሎ አነበበው፣ እንደዛ የሚባል ቀን የለም ብሎ ኤረር ወረወረ። ጳጉሜንማ ተዉት፣ 13ኛ ወር! አንዳንድ ዳታቤዝ እንዲህ ዓይነቱን ዝም ብሎ ዜሮ አድርጎ ያልፋል፣ ፖስትግሬስ እምቢ ማለቱ ነው ያዳነኝ፣ ባይቆም ኖሮ ሁሉም ቀን ተዛብቶ ገብቶ አላውቅም ነበር። መፍትሄው አንድ የካላንደር ቴብል መስራት ሆነ፣ ለእያንዳንዱ የፈረንጅ ቀን የሀበሻውን ቀን፣ ወርና ዓመት፣ ጾም ነው አይደለም፣ ረመዳን ነው አይደለም፣ የገበያ ቀን ነው አይደለም። አንዴ ሰርተኸው ከሁሉም ነገር ጋር ጆይን ታደርገዋለህ (ታገናኘዋለህ)። እውነቴን ነው የምላችሁ ከሞዴሉ ይልቅ ይቺ ቴብል ናት የጠቀመችኝ።

ሌላው የሚያሳስት ያልተሸጠበት ቀን ነው። ሳሙና ያልሸጥክበት ቀን ሽያጭ ቴብል ውስጥ ረድፍ የለውም፣ ስለዚህ አቨሬጁ የተሸጠባቸውን ቀኖች ብቻ ቆጥሮ ያጋንንብሃል። ጀነሬት ሲሪስ በሚባለው ቀኖቹን በሙሉ ደርድረህ ሽያጩን በሌፍት ጆይን (ሽያጭ የሌለበትን ቀን ሳይጥል የሚያገናኘው) አገናኝተህ ባዶውን በዜሮ ትሞላለህ። እኔም ሞላሁ፣ ደስ አለኝ፣ ከዛ ሞዴሉ ኮምቦልቻ በየዓመቱ ህዳር ላይ ዘይት አትገዛም አለኝ። ለካ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ህዳር መጨረሻ ያለውን ጊዜ ዜሮ ብዬ ሞልቼዋለሁ። ያኔ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የነበረውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ መጋዘኑም ምን እንደቀረው ታውቃላችሁ፣ ያ ዜሮ የፍላጎት ዜሮ አይደለም። አውጥቼዋለሁ፣ ከዛ በኋላ ያሉትን መልሶ የመቆም ወራትም ለብቻ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ይሄን ምንም ሶፍትዌር አይነግርህም።

ወደ ማድሊብ ልምጣ። የአንድ ኤክስ መስመር ሲያንስህ፣ ማለትም ዋጋ፣ ጾም፣ ረመዳን፣ ደመወዝ የሚወጣበት ሳምንት አንድ ላይ ሲያስፈልጉህ የምትጭነው እሱን ነው፣ በአፓቺ (የነጻ ሶፍትዌር ድርጅት) ስር የተሰራ፣ ነጻ፣ ፖስትግሬስና ግሪንፕለም የሚባል ሌላ ዳታቤዝ ላይ የሚሰራ። የሞዴል ዓይነት በያይነቱ፣ ሊኒየር፣ ሎጂስቲክ፣ አሪማ፣ ራንደም ፎረስት፣ ኬሚንስ፣ ምን የሌለው አለ። ሁሉንም በሴሌክት ትጠራዋለህ፣ ምንጩ ይሄ ቴብል፣ ውጤቱን እዚህ አስቀምጥልኝ፣ የሚተነበየው ይሄ ኮለም፣ ይላል በቃ። ውጤቱ ራሱ ቴብል ነው፣ ኮፊሸንቱ (እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚጨምር ወይ እንደሚቀንስ)፣ ስታንዳርድ ኤረሩ፣ ፒ ቫልዩው፣ ኮንዲሽን ነምበሩ (ምክንያቶቹ እርስ በርስ መደባለቃቸውን የሚጠቁመው)። ለመጫን የፖስትግሬስህ ቨርዥን ከሱ ጋር መግጠሙን ቀድመህ አረጋግጥ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ አትድከም፣ እኔ ኡቡንቱ ላይ ነው የጫንኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈልኝ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ነው።

እና ይቺ ኮንዲሽን ነምበር የምትባለዋ ናት የሚቀጥለውን ያስተማረችኝ። ከ2014 ወዲህ ባለው ዳታ ላይ ሞዴሉን ሳሰለጥን ሁዳዴ የሚረጋ ዘይትን በጣም ያስጨምራል፣ ረመዳን ግን ይቀንሳል አለኝ። ረመዳን ዘይት ይቀንሳል? ወሎ ውስጥ? ሳምቡሳው በምን ሊጠበስ ነው! ኮንዲሽን ነምበሩን ሳይ ሰማይ ነክቷል። ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ፣ ሰሞኑን ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ነው የሚውሉት፣ በ2016ማ መጋቢት 2 ሰኞ ሁለቱም አንድ ቀን ገቡ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ጊዜ ሲገዛ የትኛው የማን እንደሆነ ስሌቱ በምን ይለየው? ያለው ምርጫ ወደ ኋላ ሄዶ ያልተደራረቡበትን ዓመት ማስገባት ነበር። በ2011ና በ2012 ረመዳን የገባው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያ የጽሑፍ ቀን ያለበት የድሮ ዳታ ማለት ነው፣ አጽድቼ ሳስገባው ሁለቱም ወደ ላይ ሆኑ፣ እፎይ። 2012 ኮሮና የገባበት ስለሆነ ሰው ያገኘውን ሁሉ የሚያከማችበት ጊዜ ነበር፣ እሱን በጥንቃቄ ነው የማየው።

ባይ ዘ ዌይ ማድሊብ አብረው የሚሸጡ ዕቃዎችን የሚፈልግም አለው፣ ሞከርኩት፣ ፓስታ የገዛ ሳልሳ ይገዛል አለኝ። አመሰግናለሁ ወንድሜ። በሎጂስቲኩ (አዎ ወይ አይ የሚለውን በሚተነብየው) ደግሞ ማን ዱቤውን ያዘገያል የሚለውን ላሳያቸው ብዬ ሐጂ ጋ ሄጄ «ከሰው አታጣላኝ፣ እኔ ሰዎቼን አውቃቸዋለሁ» ብለው ላፕቶፑን ዘጉት። ዘግቼዋለሁ እኔም።

ፓይተን የግድ የሚል ሰው ዳታቤዙ ውስጥ ፒኤል ፓይተንን (ፓይተንን ፖስትግሬስ ውስጥ የሚያስሮጠውን) መጠቀም ይችላል። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ ፈንክሽኑን መፍጠር የሚችለው ሱፐርዩዘር (ሙሉ ስልጣን ያለው ተጠቃሚ) ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ኮዱ ሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ማድረግ ስለሚችል፣ ስለዚህ ለማንም የሚሰጥ ነገር አይደለም። ሁለተኛ ኩየሪውን በተለመደው መንገድ ስትጠራ ውጤቱ በሙሉ ሚሞሪ ላይ ነው የሚጫነው፣ በከርሰር ትንሽ ትንሽ እያልክ ማምጣት አለብህ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ሽያጭ በአንዴ ጠራሁት፣ የሰርቨራችን ሚሞሪ 8 ጊጋ ነው፣ ደነዘዘ። ካሸሯ እትዬ ከታች «ደረሰኝ አልወጣም! ሰው ተሰልፏል!» እያሉ፣ አንድ ሹፌር ከባቲ የመጣ ጭነቱን ጨርሶ ደረሰኝ ብቻ እየጠበቀ፣ እኔ ደግሞ ፕሮሰሱን እየፈለግኩ ልገድለው። ከዛ ወዲህ ማታ ማታ ባክአፑን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ እመልሰዋለሁ፣ ሙከራው ሁሉ እዛ ነው። «ዳታቤዝ ውስጥ ስራው» ማለት ሽያጩ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ላይ በስራ ሰዓት ስራው ማለት አይደለም፣ እኔ በእትዬ ጩኸት ነው የተማርኩት እናንተ በነጻ ውሰዱት።

መብራትን በተመለከተ ግን ሙሉ ነጥብ። ሞዴል እየሰለጠነ መሀል ላይ ድርግም ብሏል፣ ከአንዴም ሁለቴ። ሲመለስ ፖስትግሬስ ራሱን አስተካክሎ ይነሳል፣ ግማሽ የተሰራ ቴብል አይተውም፣ ወይ አለ ወይ የለም። ኤክሴሉ ቢሆን ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ያስለቅስህ ነበር።

ሌሎቹንስ? ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሰራ አንድ ጓደኛዬ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው የሚጠቀመው፣ እሱ 2016 ከሚባለው ቨርዥን ጀምሮ አርን፣ 2017 ከሚባለው ጀምሮ ፓይተንን ይቀበላል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ስክሪፕቱ ግን ከኤንጂኑ ውጪ በሌላ ፕሮሰስ ነው የሚሮጠው። ኦራክልም (ሌላው የሚከፈልበት ዳታቤዝ) ሞዴሉን ልክ እንደ ቴብል ዳታቤዙ ውስጥ ያስቀምጣል፣ በፈረንጅ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ለዚህ ክፍል ለብቻው አይከፈልም፣ ለዳታቤዙ ራሱ ግን ትከፍላለህ፣ በዶላር፣ እንግዲህ ዶላሩን ከየት እንደምታመጣ አንተ ታውቃለህ። ለኛ ዓይነት መጋዘን ፖስትግሬስ ነጻ መሆኑ ብቻውን ክርክሩን ይዘጋል።

ታዲያ ይተነብያል ወይ? ያለፈውን ረመዳን ሞዴሉ እንዳያየው ደብቄ ሞከርኩት፣ ሐጂም ሳያዩት ግምታቸውን ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ዘይትና ሳሙና ላይ ሞዴሉ ቀረበ፣ ስኳር ላይ እኩል፣ ቴምር ላይ ሐጂ አሸነፉ፣ ያውም በሰፊው። ሲያሸንፉ ምንም አላሉም፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለማድሊብ አጫጫንና ከዳታቤዙ ጋር ግራፍ ስለማይመጣ ነው፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጥህ፣ ሐጂን ለማሳየት አሁንም የውጤቱን ትንሽ ቴብል ኤክሴል ላይ አስገብቼ ነው ግራፍ የምሰራላት። በጀት የሌለው፣ ዳታው አስቀድሞ ፖስትግሬስ ላይ ያለው፣ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) የሚችል ሰው ነገ መጀመር ይችላል፣ ከሬግርና ከፐርሰንታይል ጀምር፣ ማድሊብን ሲያንስህ ጫን። ምስልና ድምፅ ምናምን የምትሰራ ከሆነ ግን ይሄ ያንተ ቦታ አይደለም።

እኔ አሁን የምጠብቀው 2019ን ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ እየመጣ ስለሆነ ያን ዓመት ሊወጣ ሲል ነው ሁዳዴ የሚገባው፣ ሁለቱን ለይቶ የሚያሳይ ንጹህ ዳታ ከስንት ዓመት በኋላ ላገኝ ነው። ሐጂ ይሄን ስነግራቸው «እና እስከዛ ስንት ጀሪካን ልዘዝ?» አሉኝ።