ልጄን ከሳነቴ ይዞልኝ የወረደውን አስጎብኚ አመስግኑልኝ

ምስጋናዬ በስልክ ተነግሮ ብቻ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ነው ይህን የምጽፈው። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። እኔና ሴት ልጄ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሳነቴ በሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ጭምር፣ ለቀናት በእግር ተጉዘን በሰላም ቤታችን ገብተናል። በሰላም የገባነው በእግዚአብሔር ቸርነትና በአንድ አስጎብኚ ንቃት ነው። ስሙን በይፋ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ሥራ የሚመጣለት ሰው ለሰው ሲነግርለት ነው፤ እንደዚያው እንዲቀጥል ይፈልጋል። ኢንቦክስ ለሚያደርግልኝ ግን ስልኩን እሰጣለሁ።

መጀመሪያ የደረሰብንን ልናገር። ያንን ያላየ ሰው የዚህን አስጎብኚ ዋጋ አያውቅም።

ከዚህ በፊት በሌላ አስጎብኚ ድርጅት የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ወጥተን ነበር። ፎቷቸው ያማረ፣ ማስታወቂያቸው የሚያጓጓ። ገንዘቡን ሙሉውን አስቀድመን ከፈልን። በማለዳ ይመጣል የተባለው አውቶቡስ ረፋድ ላይ መጣ። ተራራው ሥር ስንደርስ መሪ የተባለው ወጣት ስፒከሩን አንጠልጥሎ ከጎረምሶቹ ጋር ቀድሞ ሄደ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አባት አብረውን ነበሩ። እኔና ልጄ ደግፈናቸው ወጣን፤ ዞር ብሎ ያየን የለም። ውሃ ስንጠይቅ «ላይ አለ» ተባልን። ላይ ስንደርስ አልቋል። ስንመለስ ደግሞ አውቶቡሱ የለም! እኒያ አባት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በብርድ ሲንቀጠቀጡ ያየሁት ዛሬም ያበግነኛል። ቅሬታዬን ብጽፍላቸው ብሎክ አደረጉኝ። ይቅርታ እንኳ የለም።

ሌላ ቦታ ደግሞ ባሌ መሄድ እንደምፈልግ በስልክ ስናገር ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ነኝ አልኩ። «እማማ፣ ፍል ውሃ ቢገቡ አይሻልዎትም?» ብለው ሳቁ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያለቀስኩት በነገሩ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በወጣትነቱ ጎባ አስተማሪ ነበር። የሳነቴን ነገር አውርቶ አይጠግብም። ዛፍ የሚባል የሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ እዚያና እዚህ የቆመ ጅብራ የሚባል ረጅም ተክል፣ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ የሚያልፍ ቀይ ቀበሮ። «አንድ ቀን አሳይሻለሁ» ይለኝ ነበር። ልጆች መጡ፣ የቤት ሥራ መጣ፣ በኋላም በሽታው መጣ። ካረፈ በኋላ ልጄ «እማዬ፣ እኛ እንሂድለት» አለችኝ። እንግዲህ የተሳቀው በዚህ ላይ ነው።

ይህን አስጎብኚ የጠቆመችን የልጄ የሥራ ባልደረባ ናት። ስደውልለት እሱም ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ግን በዚያ አላቆመም። ደም ግፊት አለብኝ ወይ? የምወስደው መድኃኒት አለ ወይ? ወደ ገበያ በእግሬ ነው የምሄደው ወይስ በታክሲ? ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ እንገናኝና አብረን እንይ» አለኝ። ቀብድ ላኩ አላለም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በሱሉልታ በኩል እንጦጦ መውጣት ሆነ። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዛፉን ይዘን ቀስ እያልን እንወጣለን። እሱ ከሁላችን ኋላ ነው የሚሄደው። ደግሞም ያስወራናል። ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ልጅነቴ ይጠይቀኛል። «ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቁሙ» የሚል ሕግ ነበረው። ጨዋታ ወዳድ ነው ብዬ ወድጄው ነበር። ለካ ሥራውን እየሠራ ነው።

ሌላም ነገር ደጋግሞ ነገረን። እኛ ደገኞች ስለሆንን ከፍታ አይነካንም ብለን እናስባለን። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። ሳነቴ ግን 4,000 ሜትር ነው። እዚያ ጎበዝ ሯጭም ሊታመም ይችላል፤ እንዲያውም በጉልበቱ ተማምኖ የሚፈጥነው ይብሳል አለን።

ጉዞው በአሰላና በዶዶላ አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ መግቢያ የሆነችው ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው አሳደረን። ከመካከላችን «ቶሎ ወደ ላይ እንውጣ» ያሉ ነበሩ። ፈገግ ብሎ እምቢ አለ። ድንኳኑንና ስንቁን በፈረስ ጭነን በዌብ ሸለቆ ሄድን። ባለፈረሶቹን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ሒሳባቸውን በፊታችን ነው የሚከፍላቸው። በሶና ጭኮ እየበላን፣ ዝንጅብል ያለው ሻይ እየጠጣን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያልን ሄድን።

ሳነቴ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ብርዳማ በረሃ ነው። ድንጋይ፣ ንፋስ፣ ሰማይ። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ ሌሊት በጠርሙስ ያለ ውሃ ይረጋል። ጅብራው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ለብቻው ቆሟል። መሬቱ ላይ አይጦቹና ፍልፈሎቹ ውር ውር ይላሉ። ቀይ ቀበሮው የሚኖረው እነሱን አድኖ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። አንዱ ተጓዥ ውሻውን ይዞ ሊመጣ ሲል አስጎብኚያችን በጨዋ ደንብ የከለከለው ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ልጄ ከሁላችንም ጠንካራዋ ነበረች። እንጦጦን በሩጫ ነው የምትወጣው። ወሬዋ ደግሞ አያልቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳው ላይ ስንሄድ፣ ዝም አለች። እኔ እናቷ አጠገቧ ነኝ፤ ደክሟት ነው አልኩ። እሱ ግን ከኋላ መጥቶ ጎኗ ሆነ። ይጠይቃታል፤ በአንድ ቃል ትመልሳለች። እንደገና ይጠይቃታል፤ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። ምንም ሳይል አብሯት ሄደ።

ማታ ድንኳን ውስጥ ሳህኗን ገፋች። «ራስሽን ያምሻል?» አላት። «ትንሽ» አለች። አስነሥቶ አንድ እግሯን ከሌላው ፊት እየገጠመች በቀጥታ መስመር እንድትሄድ አደረጋት። ተንገዳገደች። የዚያን ምርመራ ትርጉም እኔ አላውቅም፤ እሱ ግን ያየውን አይቷል። ፊቱ አልተለወጠም፤ ድምፁም አልጨመረም። ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ ልብስ ይደርቡ። አሁን እንወርዳለን» አለኝ።

«ጠዋት ይሻለኛል» አለች ልጄ። ሌላው ሰውም «በዚህ ጨለማና ብርድ? መድኃኒት ስጧትና ትተኛ» አለ። መድኃኒቱንስ ሰጣት፤ ስሙን አላውቀውም። ግን «ጠዋትን እዚህ አንጠብቅም፤ የሚሻላት ስትወርድ ነው» አለ። ሌሎቹን ለረዳቱ አደራ ብሎ፣ ልጄን ፈረስ ላይ አስቀምጦ፣ ባለፈረሱ ከፊት እየሳበ፣ እሱ ከጎን ደግፎ ያዛት። እኔ ባትሪ ይዤ ተከተልኩ።

ያን ሌሊት መቼም አልረሳውም። ጉንጬ ደንዝዟል። አፌ ላይ ያለው «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ብቻ ነው። እሱ ግን መንገዱን ሙሉ ያስወራታል። የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪዎችሽን ጥሪልኝ ይላታል። የሰፈርሽን ልጆች ንገሪኝ ይላታል። መጀመሪያ መልሷ እንደ ማጉረምረም ነበር። ሰዓቱ ሲሄድ፣ እኛም ወደ ታች ስንወርድ፣ ቃላቱ ጠሩ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ «እማዬ፣ እርቦኛል እኮ» አለች። ያኔ ነው ሲስቅ ያየሁት። እኔ እያለቀስኩ ነበር።

በማግስቱ መኪና ጠርቶ ጎባ ወስዶ አስመረመራት። ሐኪሙ «መውረዳችሁ ነው ያተረፋት» አለን። እግዚአብሔር ይስጠው! ይህን ልጅ የወለደች እናት ትባረክ!

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጎባ ሆነን ልጄ እያገገመች ሳለ አስጎብኚያችን ጠፋብን። ለካ እንጦጦ ላይ ያወራሁትን አስታውሶ፣ ባለቤቴ ያስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ሽማግሌዎች ሲጠይቅ ነበር። አግኝቶልን ወሰደን። ግቢው ውስጥ ቆሜ ባለቤቴ ያወራው የነበረው ተራራ በየት በኩል እንደሚታይ አየሁ። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።

ልጄ ሲሻላት «አንቺ ሳታዪ እንዳትመለሺ» ብላ አዘዘችኝ። እሷ አርፋ አስጎብኚው እኔን በማለዳ በመኪና ሳነቴን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ወሰደኝ። የቱሉ ዲምቱ ተራራ፣ 4,377 ሜትሩ፣ ፊታችን ነበር። ቀይ ቀበሮውንም አየሁት። የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ባለቤቴ እንዳለው ነው፤ አንድም አልዋሸኝም።

አዲስ አበባ ስንገባ ያልተጓዝንባቸውን ቀናት ሒሳብ መልሶ ላከልኝ። አልቀበልም ብዬ ደወልኩ። «እትዬ፣ ያልሠራሁበትን አልበላም» አለኝ። አንዱ ብሎክ አድርጎኝ፣ ሌላው ስቆብኝ፣ ይሄ ደግሞ እንዲህ። ወገኖቼ፣ እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሰው አሠሩት። ባሌ ተራሮች በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ሄዶ ማየት የሚፈልገው ብዙ ነው። ሂዱ፣ ሀገራችሁን እዩ። ግን በማስታወቂያ ፎቶ ተታላችሁ ከማንም ጋር አትሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት «ሰው ቢታመም ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀልጠፍ ያለ መልስ ከሌላቸው ተዉአቸው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቁ ወቅት ነው፤ ለመሄድ ጥሩ ነው፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ የሱፍ ካልሲና ጓንት ያዙ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ያማክር። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ መሄድ የምትፈልጉም አትፍሩ፤ ይህ ልጅ ትልቅ ሰው ያከብራል፣ ይታገሣልም።

ለኅዳሩ ጉዞ ሰው መመዝገብ ጀምሯል። ልምምዱ እንደተለመደው ቅዳሜ ማለዳ በሱሉልታ በኩል እንጦጦ ነው፤ ለልምምዱ አያስከፍልም። ስልኩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ። እኔና ልጄም ቅዳሜ እዚያው ነን፤ መጥታችሁ እሷኑ ጠይቋት።