ልጄን በውሃ ጥም ያላስለቀሰችው ሲስተር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ እናቶች፣ ይቺን ለእናንተ ነው የምጽፋት። ባለፈው ሳምንት የ4 ዓመት ልጄ የብሽሽት ቡአ ኦፕራሲዮን ተደረገለት። ደህና ነው፤ ይኸው አትዝለል ተብሎ ሶፋ ላይ እየዘለለ ነው። ሰርጀኑን በአካል አመስግኜዋለሁ። የዛሬው ምስጋና ለማደንዘዣ ባለሙያዋ ነው።

አምና ሌላ ቦታ ቀጠሮ ይዘን ነበር። ስሙ ይቅር። «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ፣ ውሃም ቢሆን» አሉን። ማታ 2 ሰዓት እራቱን በላ። በማግስቱ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ወረፋ ጠበቅን። 18 ሰዓት! ከንፈሩ ደርቆ፣ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰውዬ ሃይላንድ እያየ ያለቅሳል። በመጨረሻ «ዛሬ አይደርሰውም፣ ሌላ ቀን ኑ» ተባልን። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

የአሁኗ ሲስተር ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማ ራሷ ደወለች። «እናቱ፣ ከቤት ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?» አለችኝ። ተራው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ወደ ኋላ ቆጠረችልኝ። ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ የእናት ጡት 4 ሰዓት ሲቀረው። ጥርት ያለ ፈሳሽ ግን 2 ሰዓት እስኪቀረው ይጠጣል። እንደውም በአውሮፓ በ2022 የወጣ መመሪያ ለልጆች 1 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቅዳል አለችኝ፤ እነሱ ጋ የሚሠራበት ግን 2 ሰዓት ነው።

ለምን ብዬ ስጠይቃት አልሰለቸችም። ማደንዘዣ ሲሰጥ ጉሮሮውም አብሮ ይዘናጋል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ውሃ ግን ከጨጓራ ቶሎ ይወርዳል። ውሃ የጠማው ልጅ ደግሞ ለመርፌ ሲፈለግ ደም ስሩ ይጠፋል፣ ስኳሩም ሊወርድ ይችላል።

ጥርት ያለ ማለት ውሃ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ ነው። «ከብርጭቆው ማዶ ጣትሽ ካልታየሽ አይሆንም» አለች። አጥሚትስ? ምግብ ነው። የጁስ ቤት ማንጎስ? እሱም ምግብ ነው። እኔ እኮ አጥሚት በጡጦ ላሰናዳለት ነበር!

ያስቸገረችን እናቴ ናት። «ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ምን ያስጾመዋል?» ብላ ድፎ ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። ስልኩን ሰጠኋት። ሲስተሯ «እማማ፣ ዳቦውን ይዘውልኝ ይምጡ፣ እሱ ሲወጣ አብረን እንበላለን» አለቻት። እናቴ ሳቀች። ዳቦውንም ይዛላት ሄደች።

ጠዋት 12 ሰዓት ወጣን። አቃቂን አልፈን ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ለ1 ሰዓት 10 ጉዳይ ሲል ስልኬ ጠራ። «አሁን አጠጪው» አለችኝ። ከፔርሙሱ ቀዳሁ። ቅርንፉድ ያለው፣ በደንብ የተጠለለ ቀጭን ሻይ ነው። ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ሲያበቃ ሦስተኛውን ጠየቀኝ፤ ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር። ሹፌሩ «እኔስ?» ብሎ አሳቀው።

ስንደርስ ድንገተኛ ታካሚ ገብቶ ተራችን ወደ 5 ሰዓት ተገፋ። ሆዴ ቡጭ አለ፤ የአምናው መጣብኝ። ሲስተሯ ራሷ ወጥታ «ከተገፋ እስከ 3 ሰዓት ውሃ ይጠጣ» ብላ ብርጭቆ አቀበለችኝ። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አምና የነገረን ሰው አልነበረም።

አደራ፣ ይሄ የእኔ ልጅ ነው። የሆድ ወይም ሌላ ሕመም ላለበት ልጅ ሰዓቱ ሊለይ ይችላል፤ የራሳችሁን ባለሙያ ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙ «ውሃ እስከ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ተራው ከተገፋም ድጋሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ልጃችሁን ኦፕራሲዮን የምታሠሩ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ የት እንደምትሠራ እነግራችኋለሁ። ልጄ ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ያችኑ ሦስተኛዋን ሲኒ ነው።