ዳርትሙር ዳር የበላነው የዘቢብ ስኮን

ስኮን፣ ማለትም እንግሊዞች ከሻይ ጋር የሚበሉትን ትንሽ ክብ ዳቦ መሰል ነገር፣ መጀመሪያ የቀመስኩት ለንደን፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። በማይክሮዌቭ አሙቀው ሰጡኝ። ላዩ ላስቲክ፣ ውስጡ ደረቅ፣ ዘቢቡ ሦስት ፍሬ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ስኮን የሚባል ነገር አልነካሁም።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ዳርትሙር ከሚሉት ገላጣ ከፍታ ቦታ ዳር ያለች ባለ ስድስት ጠረጴዛ ሻይ ቤት ናት። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበርና ይዣት ሄድኩ። «ክሬም ቲ» አዘዝን። ለአንድ ሰው ሁለት የዘቢብ ስኮን፣ የእንጆሪ ማርማላታ፣ ክሎትድ ክሬም (ወፍራም የወተት ክሬም) እና አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ማለት ነው። ዋጋው 9 ፓውንድ ከ50።

ስኮኑ ሲመጣ ገና ይተን ነበር። ሦስት ጣት ያህል ከፍታ አለው፤ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ቢላ አያስፈልገውም። ስንጥቁን ይዛችሁ ላላ ስታደርጉት በእጅ ለሁለት ይከፈላል። እንደ ዳቦ አይለጠጥም፣ እንደ ኬክም አይጣፍጥም፤ ጣፋጩ ዘቢቡ ነው። በየጉርሻው ይገኛል፣ ለስለስ ያለ፣ ያላረረ።

የሻይ ቤቷን ባለቤት እንዴት እንደምትጋግረው ጠየቅኋት። ሊጡን ብዙ አላሸውም አለችኝ። ክብ መቁረጫውንም ቀጥ አድርጋ ነው የምትጫነው። ከተጠማዘዘ የሊጡ ጠርዝ ይዘጋና ወደ ላይ አይነሳም።

ክሬሙ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለሰዓታት በቀስታ ሞቆ ይቀዘቅዝና ላዩ ቢጫ ቆዳ ያበጃል። እናቴ በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ፣ «ውይ፣ ይሄማ ስልባቦት ነው!» አለች። እውነቷን ነው። የልጅነቷን የወተት ድስት እያነሳች ስታወራኝ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ዴቨን ውስጥ ክሬሙ ይቀድማል፣ ማርማላታው ከላይ ይሆናል። ጎረቤታቸው ኮርንዎል ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በዚህ ጉዳይ አይስማሙም። ሁለቱንም ሞከርኩ። እኔ ከዴቨን ጋር ነኝ፤ ክሬሙ ሞቅ ያለው ስኮን ላይ እንደ ቅቤ ይቀባል።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ለጿሚ የሚሆን የላቸውም። ሊጡ ውስጥ ቅቤና ወተት አለ፤ ረቡዕና ዓርብ ከሄዳችሁ ሻይ ብቻ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ስኮኑ ያልቃል፣ ቀደም በሉ።

እናቴ አራት አስጠቅልላ ወጣች። በማግስቱ ኦቭን ውስጥ አምስት ደቂቃ አሞቅናቸው። የትናንቱን ያህል አልሆኑም፤ ከባቡር ጣቢያው ግን በብዙ ይሻላሉ።